ወይዘሮ ወርቂቱ ያረሟት አንዲት ቃል

ኅዳር አሥራ አንድ ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር። ወይስ የጥቅምት መጨረሻ? መዝገቡ ኅዳር ይላል፤ መዝገቡን የጻፍኩት ደግሞ ራሴ ነኝ። ትዝታዬ ውስጥ ግን ዝናብ አለ፤ የልጁ ሸራ ጫማ በቢሮው ሲሚንቶ ላይ የተወው እርጥብ ዱካ አለ። በዚያ ሳምንት መዝነቡን ያስታውሱ እንደሆን ሁለት ሰዎችን ጠይቄ ነበር። አንዱ አዎ አለኝ፤ ሌላው ሳቀብኝ። እንግዲህ ቀኑን እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም። በዚያ ቀን የተነገረውን ቃል ግን አልረሳውም።

ወይዘሮ ወርቂቱ፣ እኔ ሬጅስትራር ሆኜ እሠራበት በነበረው የአርባ ምንጭ ፍርድ ቤት የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። የፍርድ ቤቱን ስም ልተወው። ተወልደው ያደጉት ኦቾሎ ነው፤ ከአባያ ሐይቅ በላይ፣ ሸንተረሩ ላይ። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ተድረው ወደ ከተማ ወረዱ። ባላቸው በወባ ሲሞት ሦስት ልጆች ይዘው ቀሩ፤ በከተማዋ ሲቀላ ገበያ ሙዝ እየቸረቸሩ አሳደጓቸው፤ በኋላም ፍርድ ቤቱ በጽዳት ቀጠራቸው። አስተርጓሚ የሆኑት በአጋጣሚ ነው። በ1999 ዓ.ም. አንድ ቀን የተመደበው አስተርጓሚ ቀረ። ከደጋ በእግሩ የመጣ ሽማግሌ ገበሬ ችሎት ቆሞ ሲጠብቅ፣ ዳኛው "ጋሞኛ የሚችል የለም?" ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ወርቂቱ ኮሪደር ላይ ነበሩ። ባልዲያቸውን አስቀምጠው ገቡ፤ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ማሉ። ከዚያ ወዲያ ችሎቱን ጠዋት ያጸዱታል፣ ረፋድ ላይ ያስተረጉሙበታል። ችሎት ሲገቡ የሚለብሱት ሰማያዊ ሹራብ ነበራቸው፤ የጽዳት ጋዋኑን አውልቀው እሱን ሲለብሱ ሌላ ሰው ይሆናሉ።

ቃል በመጠበቅ የሚበልጣቸው አልነበረም። አንድ ጊዜ በመሬት ክርክር የተረቱ አዛውንት ወደ ዳኛዋ ወደ ፅዮን ዞረው የሆነ ነገር አጉረመረሙ። ፅዮን የዩኒቨርሲቲ የክፍል ጓደኛዬ ናት፤ በችሎት ግን ቀልድ አታውቅም።

"ምን አሉ?" አለች።

"ክብርት ዳኛ፣ 'ይህችን ልጅ ማነው ጡት ሳትጥል እዚህ ያስቀመጣት' አሉ።"

ሰው ሁሉ ሳቁን ዋጠ። ፅዮን ቀላች።

"እትዬ ወርቂቱ፣ ይሄን መተርጎም ግዴታ ነበር?"

"ማልኩ እኮ፣ ክብርት ዳኛ። አልጨምርም፣ አልቀንስም ብዬ ነው የማልኩት።"

እኛ የምናውቅባቸው ስህተት አንድ ብቻ ነበር፤ በአማርኛቸው ወንድና ሴት ይቀላቀልባቸዋል። ዐቃቤ ሕጉን በዛብህን ሁልጊዜ "አንቺ" ይሉታል። እሱም ጺሙን እያሻሸ፣ "እትዬ፣ ታዲያ ይሄን ለምን ይሆን ያበቀልኩት?" ሲላቸው፣

"ቁረጪዋ" ይሉታል፤ አብረው ይስቃሉ።

በዚያ ቀን የቀረበው ልጅ እንድሪያስ ይባል። እውነተኛ ስሙ ይህ አይደለም። አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ እሱም የኦቾሎ ልጅ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ሲቀላ ወርዶ መናኸሪያው አካባቢ ዕቃ በመሸከምና ባጃጅ በማጠብ ይኖር ነበር። ከስምንት ወር በፊት የአንዲት ሴት ስልክ ነጥቆ ተይዞ፣ ፍርድ ቤቱ ገሥጾ ለቆት ነበር። አሁን የመጣበት ግን ከባድ ነው። ገበያ መሀል የነጋዴ ቦርሳ መንትፎ ሲሮጥ፣ ደግፌ የሚባል የሱቅ ጥበቃ ተከተለው፤ ልጁ ዞሮ ድንጋይ ወረወረ፤ ድንጋዩ ደግፌን ጆሮው ሥር አገኘው። ደግፌ አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኛ። የቀኝ ጆሮው ከዚያ በኋላ አልሰማም።

የልጆች ጉዳይ የሚታየው በዝግ ነው፤ በዳኛዋ ቢሮ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ሁሉም ጠረጴዛውን ከብቦ ተቀምጦ። ጸሐፊዋ ስለታመመች ቃሉን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ሁላችንም የምንጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ ልጁ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል ወይስ አዲስ አበባ ወዳለው የታዳጊዎች ማረሚያ ይላካል? ሕጉ እስከ አምስት ዓመት ይፈቅዳል። ዘመድ ሊጠይቀው በማይደርስበት ቦታ አምስት ዓመት ማለት፣ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ አገሩን መርሳት ነው።

ፅዮን በየትኛው ቋንቋ መናገር እንደሚሻለው ጠየቀችው። የገበያ አማርኛ ያውቃል፤ ግን "በጋሞኛ" አለ። ቦርሳውን መውሰዱን አመነ። ድንጋዩን መወርወሩንም አመነ።

"ሌላ የምትለው አለ?" አለችው።

ልጁ ተነሳ። ማንም ተነስ አላለውም። እጆቹን ሆዱ ላይ አጣምሮ፣ እንደ ትልቅ ሰው ቀስ ብሎ መናገር ጀመረ። እስከዚያ ድረስ በግድ አንድ አንድ ቃል ሲመልስ የነበረ ልጅ ነው። ወይዘሮ ወርቂቱ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙት።

"ሦስት ወንጀል አለብኝ ይላል።"

በዛብህ ከወረቀቱ ቀና አለ።

"የትኞቹ ሦስት?" አለች ፅዮን።

"አንደኛ፣ መቆረጥ ከማይገባው ደን እንጨት ቆርጫለሁ። ሁለተኛ፣ ታላቅ ወንድሜ ሳይጀምር ከዘር ማሽላው ወስጃለሁ። ሦስተኛ…" እዚህ ላይ ቆም አሉ። ልጁን በጋሞኛ መልሰው ጠየቁት፤ መለሰላቸው። "ሦስተኛ፣ ታናሽ እህቴ የሞተችው በእኔ ነው።"

ማናችንም "ወንድሙ ምኑን ሳይጀምር?" ብለን አልጠየቅንም። ጆሯችን ሁሉ እህቱ ላይ ነበር። ፅዮን እንዴት እንደሞተች ስትጠይቀው "ታመመች" ብቻ አለ። በዛብህ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ክብርት ዳኛ፣ እስካሁን ልጁ ሁለተኛ ጊዜው ነው ብዬ ነበር። በራሱ አንደበት ሦስት ጨመረ። አንዱ የሰው ነፍስ ነው። ደጋጋሚ ነው፤ አደገኛም ሆኗል። ይህን የምናጣራበት ቀን ይሰጠን። እስከዚያው በቁጥጥር ሥር ይቆይ። በውሳኔው ቀን አዲስ አበባ እንዲላክ እንደምንጠይቅ ከወዲሁ ይመዝገብልን።"

ተመዘገበ። "ሦስት ወንጀል" የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ልጁ ሲወጣ ሸክም የቀለለው ይመስል ነበር። በሩ ላይ ዞሮ ወይዘሮ ወርቂቱን አንድ ነገር ጠየቃቸው፤ በአንድ ቃል መለሱለት። ፈገግ አለ። ፖሊሱ ክንዱን ይዞ ወደ መኪናው ሲመራው ግራ ተጋብቶ ወደ ኋላ ሲያይ በመስኮት አየሁት።

ከሦስት ቀን በኋላ የልጁ እናት ሳባ ከኦቾሎ ወርዳ መጣች። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ስትጠብቅ ወይዘሮ ወርቂቱ መጥረጊያቸውን ይዘው አገኟት። የተነጋገሩት በጋሞኛ ነው፤ በኋላ ለእኔ እንደነገሩኝ እንዲህ ነበር።

"የማን ልጅ ነሽ አንቺ?" አሏት። ነገረቻቸው። አባቷን ያውቁታል።

"ልጄን ለምንድን ነው ያልለቀቃችሁት?" አለች ሳባ። "ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ስንቅ ሳቀብለው መከርኩት። ዳኛዋ ፊት ስትቀርብ ጎሜህን አንድ ሳታስቀር ተናገር፣ የደበቅከው ነው የሚያንቅህ አልኩት። አሁን ሰው ሲነግረኝ ጭራሽ ሊርቅ ነው ይላል። ይሄ ልጅ የደበቀው ነገር አለ ማለት ነው። ምን ደብቆ ነው? ንገሪኝ፣ እኔ እናቱ ነኝ!"

"ምንም አልደበቀም። ሦስቱንም ተናግሯል።"

"ሦስቱን ከተናገረ ታዲያ ምን ቀረ?"

ወይዘሮ ወርቂቱ ጎሜን ወንጀል ብለው መተርጎማቸው የታወቃቸው ያን ጊዜ ነው። ጎሜ በጋሞ ደጋ ማለት፣ ሊደረግ የማይገባውን ማድረግ ነው። ከታላቅ ቀድሞ መዝራት ጎሜ ነው። ከተከበረ ደን እንጨት መቁረጥ ጎሜ ነው። ቤት ውስጥ በሽታ ወይም ሞት ሲገባ፣ ሰው ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት በዱቡሻ ቆሞ ያደረገውን ሁሉ ይናገራል። ሽማግሌዎቹ ይሰማሉ፤ ይመርቁታል፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ልጁ ከታላቅ ወንድሙ በፊት አንድ እፍኝ ማሽላ ዘርቶ ነበር። በዚያው ክረምት እህቱ በትኩሳት ሞተች። በእኔ ነው ብሎ አምኖ፣ ለማንም ሳይናገር ወደ ከተማ ሸሸ። ዳኛዋን ሲያይ ሽማግሌ ያየ መሰለው። ሁሉን ተናገረ።

በሩ ላይ የጠየቃቸው "አለቀ?" ብሎ ነበር። እሳቸው ችሎቱን የጠየቀ መስሏቸው፣ "አለቀ" ብለውታል።

በማግስቱ ጠዋት መዝገብ ቤት መጡ። ሰማያዊ ሹራባቸውን አልለበሱም።

"ማመልከቻ ጻፍልኝ" አሉኝ።

"ምን ብዬ?"

"ወርቂቱ ቃሏን ማረም ትፈልጋለች ብለህ።"

ነገሩን አስረዱኝ። መጀመሪያ ያልገባኝ ሌላ ሳይሆን እንዴት እንደተሳሳቱ ነበር። ቃሉን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ አብረውት አድገዋል። ይህንኑ ጠየቅኳቸው። ወንበር ሳብ አድርገው ተቀመጡ፤ ከዚያ በፊት መዝገብ ቤት ገብተው ተቀምጠው አያውቁም።

"እኔ ጌታን ከተቀበልኩ ሃያ ዓመት ሆነኝ" አሉ። "ቤተ ክርስቲያናችን ጎሜን ኃጢአት ነው የምትለው። እዚያ ሳስተረጉም ኃጢአት ነው የምለው። ልጁ ጎሜ ሲል ኃጢአት ልል አፌ ላይ ደረሰ። ኋላ ሳስበው፣ ይሄ ቤተ ክርስቲያን አይደለም፣ ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤት የሚያውቀው ወንጀል ነው። የቦታውን ቃል ልጠቀም ብዬ ነው፣ ልጄ።"

ብዙ ነገር ልላቸው ፈልጌ ነበር። ያልኩት ግን የቢሮ ሰው የሚለውን ነው። አስተርጓሚ ራሱን ሲያርም አይቼ እንደማላውቅ፣ ከዚህ በኋላ ማንም ተከራካሪ ትርጉማቸውን አላምንም ሊል እንደሚችል፣ ምናልባትም እንደገና ችሎት እንደማይጠሩ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ወረቀት ወደ እኔ ገፉት።

"ቶሎ በል፣ ኮሪደሩን አልጠረግኩም።"

ፅዮን ማመልከቻው ሲደርሳት በዛብህን ጠርታ ሁለቱንም በቢሮዋ አነጋገረቻቸው። በዛብህ ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አነበበው።

"እትዬ፣ አከብርዎታለሁ" አለ። "ግን ይሄ ነገር አይሆንም። እናትየው መጥታ አነጋግራዎታለች። ሁለታችሁም የአንድ አገር ሰዎች ናችሁ። እኔ አሁን የትኛውን ልመን? ማለው የተናገሩትን ወይስ ዛፍ ሥር የተነጋገራችሁትን?"

"አንተ ልክ ነህ" አሉት። አንተ ሲሉት የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። "እኔን አትመኑኝ። ሌላ ሰው አምጡና ልጁን እንደገና ጠይቁት።"

ፅዮን ብዕሯን አስቀመጠች። እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ደከማት ሰው ነበር የጠየቀችው።

"እትዬ ወርቂቱ፣ አሥራ አራት ዓመት አስተርጉመዋል። ጎሜ የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ወንጀል ብለው ተረጎሙት?"

ወይዘሮ ወርቂቱ እጆቻቸውን ተመለከቱ።

"ከትናንት ጀምሮ እያሰብኩት ነው፣ ክብርት ዳኛ።"

ፅዮን ልጁ በሌላ አስተርጓሚ እንደገና ይሰማ ብላ አዘዘች።

በሁለተኛው ቀጠሮ የመጣው ዘካሪያስ የሚባል የጋሞኛ መምህር ነው፤ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ችሎት ገብቶ የማያውቅ ሰው። ወይዘሮ ወርቂቱ እንዲገቡ አልተፈቀደላቸውም፤ በሩ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጁ ያንኑ ተናገረ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ፈርቶ፣ ቃሉ እየተቆራረጠ። ዘካሪያስ ሦስቱንም ከተረጎመ በኋላ፣

"ክብርት ዳኛ፣ ጎሜ የምትለዋን ቃል እንዳለች ይጻፉልኝ" አለ። "አንድ የአማርኛ ቃል ብሰጣችሁ እዋሻለሁ። ላስረዳ።"

አስረዳ። ፅዮን ማሽላው የማን እንደሆነ ጠየቀች፤ የአባቱ ማሳ፣ የአባቱ ዘር። ስለ እህቱ ከጤና ጣቢያው የመጣው ወረቀትም ወባ ይላል። በዛብህ ወረቀቱን አንብቦ መለሰ። ከዚያ ሦስቱ ነገሮች ከመዝገቡ ቢወጡ እንደማይቃወም ተናገረ። "ስልኩ ግን አለ" አለ። "ድንጋዩም አለ። የደግፌ ጆሮ አለ። እሱን ማንም በትርጉም ሊያጠፋው አይችልም።"

እውነቱን ነው። ስለዚህ ደግፌም ተጠራ። ግዙፍ ሰው ነው፤ ሲናገሩት ግራ ጆሮውን ያስጠጋል። ፅዮን ስለ ቅጣቱ ምን እንደሚል ስትጠይቀው ልጁን ትኩር ብሎ አየው።

"እኔ ስንት ዓመት ሲቀላን ጠብቄያለሁ፣ እንዲህ ያለ ክንድ አላየሁም" አለ። "ይሄ ልጅ ኳስ ቢጫወት ይሻለው ነበር። ክብርት ዳኛ፣ ሚስቴ አሁን በግራ በኩል ነው የምትጨቀጭቀኝ፤ በቀኝ በኩል እተኛለሁ፣ እገላገላለሁ።" ማንም አልሳቀም። እሱም ድምፁን ቀነሰ። "ተናድጃለሁ። ማታ ማታ ጆሮዬ ይጮሃል። ግን እዚያ ርቆ ሄዶ ከባሰ ልጅ ጋር አምስት ዓመት ተኝቶ ቢመጣ፣ የሚመጣው እኔው ወደምጠብቀው ገበያ ነው። ይቅርታ ይጠይቀኝ፤ ከዚያ እናቱ ትጠብቀው።"

ልጁ ተንበርክኮ እግሩን ያዘው። ደግፌ ጎትቶ አስነሳው።

ውሳኔው፣ እንድሪያስ ኦቾሎ ከእናቱ ጋር ሆኖ ትምህርቱን እንዲቀጥል፣ ለሁለት ዓመት በየወሩ ከማኅበራዊ ሠራተኛዋ ጋር ፍርድ ቤት እየቀረበ ክትትል እንዲደረግበት፣ ሲቀላ ገበያ ብቻውን እንዳይገኝ የሚል ነበር። በዛብህ ይግባኝ አልጠየቀም። ኮሪደሩ ላይ ወይዘሮ ወርቂቱ አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

"እንግዲህ እትዬ፣ አሸነፉኝ።"

"ማንም አላሸነፈ" አሉት። "አንቺም የተናገርሽው እኔ ያልኩሽን ይዘሽ ነው።"

ሳባ በዚያው ቀን ልጇን ይዛ ሄደች። እንደሰማሁት በሳምንቱ ልጁ ዱቡሻ ቆሞ ሁሉንም እንደገና ተናግሯል፤ ሽማግሌዎቹም መርቀውታል። የመጀመሪያዎቹን ወራት ቀጠሮ አልቀረም። አንድ ጊዜ ስድስተኛ ክፍል ገብቻለሁ ብሎ ደብተሩን አሳየኝ።

ወይዘሮ ወርቂቱ ከዚያ በኋላ አላስተረጎሙም። ያገዳቸው የለም። ፅዮን ሁለት ጊዜ አስጠራቻቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ዘካሪያስን ጥሩት ብለው ላኩ። ኮሪደሩን ግን እንደ ድሮው ያጸዱ ነበር። ለውጡ ሌላ ነበር፤ በምሳ ሰዓት መዝገብ ቤት በር ላይ መቆም ጀመሩ። ይቆማሉ፣ መደርደሪያዎቹን ያያሉ፣ ይሄዳሉ። ምን ፈልገው ነው ብዬ ስጠይቃቸው አቧራውን እያየሁ ነው ይሉኛል።

በግንቦት ወር አንድ ቀን ገቡ።

"የ2004ን የልጆች መዝገብ ታገኛለህ?" አሉኝ።

"የማንን?"

"ዮናስ ይባላል። ከጨንቻ በኩል የመጣ ነው። ቀጭን ነበር። ይህ ፅዮን ሳትመጣ ነው፣ በፊተኛው ዳኛ ጊዜ።"

መዝገቡን ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ስፌቱ ላልቶ፣ የላይኛው ሽፋን በእርጥበት ቢጫ ሆኗል። እሳቸው አልተቀመጡም። ልጁ የተናገረውን ገጽ አንብብልኝ አሉ። አነበብኩላቸው። ልጁ ቤት በማቃጠል ነው የተከሰሰው። በአስተርጓሚ ወርቂቱ አማካይነት የሰጠው ቃል አጭር ነበር፤ "ሌሎችም ወንጀሎች አሉብኝ፣ ብዙ ወንጀሎች አሉብኝ" ሲል አስረድቷል ይላል። በሚቀጥለው ገጽ ውሳኔው አለ፤ አምስት ዓመት፣ አዲስ አበባ። ከዚያ በኋላ መዝገቡ ውስጥ ምንም ወረቀት የለም።

"ብዙ ነው የሚለው?" አሉ።

"ብዙ ነው የሚለው።"

ጣታቸውን ባሳየኋቸው "ወንጀሎች" በሚለው ቃል ላይ አስቀመጡ፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ቆጠሯቸው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሲያስተረጉሙ የጻፍነውን አይተውት እንደማያውቁ ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት።

"የእናቱ ቀበሌ ተጽፏል?"

ከመጀመሪያው ገጽ ፈልጌ ነገርኳቸው። ቀበሌውንና የእናትየውን ስም ሁለት ጊዜ ደገሙት፤ ከንፈራቸው ላይ አስተካክለው ያዙት። ከዚያ ጋዋናቸውን አወለቁ፤ አጣጥፈው ጠረጴዛዬ ጥግ ላይ አስቀመጡት።

ያ ልጅ ምን ብሎ ነበር? ጎሜ ነበር ያለው? ያስታውሱታል፣ ወይስ ፈርተው ነው? ይህን ልጠይቃቸው መዝገቡን ዘግቼ ቀና ስል ቢሮው ውስጥ አልነበሩም። ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ፤ ወደ በሩ ሄድኩ። ወይዘሮ ወርቂቱ የጨንቻ መኪና ወደሚነሳበት መናኸሪያ የሚወርደው ባጃጅ ውስጥ ገብተው ነበር፤ ለሾፌሩ የሆነ ነገር ይሉታል። እጄን አነሳሁ። ባጃጁ ወደ ሲቀላ ቁልቁል ወረደ።